ከወፍጮ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት፦ የፓሪስ «ታላላቅ ወፍጮዎች» እና በመካከል የቀሩት ዓመታት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የዛሬው ንግግሬ በፓሪስ ከተማ፣ በሴን ወንዝ ግራ ዳርቻ፣ በ13ኛው ወረዳ ስለሚገኝ አንድ ሕንፃ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ስንዴ ሲፈጭበት ኖሯል፤ ዛሬ ግን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ፈረንሳዮች «ግራን ሙላን ደ ፓሪ» ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር «የፓሪስ ታላላቅ ወፍጮዎች» ማለት ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

አሮጌ ፋብሪካን ወደ ቤተ መጻሕፍት መለወጥ የአርክቴክት ሥራ ነው፤ የታሪክ መምህር ምን ዶለው የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ስለ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች የሚታተሙትን መጻሕፍት ብትገልጡ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። አንደኛው ፋብሪካው ጢሱ ሲጨስ፣ ሁለተኛው ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያነቡ። በሁለቱ መካከል ያሉት ዓመታት የሉም። እኔ ግን የሕንፃውም የታሪኩም ዕጣ የሚወሰነው በእነዚያ በማይታዩ ዓመታት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥም ይኸው ነው።

ወፍጮው የጦርነት ልጅ ነው። ግንባታው በ1917 ተጀምሮ በ1921 ተጠናቀቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰሜናዊው የፈረንሳይ ክፍል በጀርመን እጅ ወድቆ፣ ገበሬው ጦር ሜዳ ላይ፣ ስንዴውም በመርከብ ከውጭ የሚመጣ በሆነበት ሰዓት፣ ፓሪስን ዳቦ ማብላት እንደ ጥይት ሁሉ የጦርነቱ ጉዳይ ነበር። በ1918 የከተማዪቱ ነዋሪ ዳቦ የሚገዛው በካርድ ነበር። ወፍጮውን ያቋቋመው ኤርነስት ቪልግራን የዱቄት ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በክሌማንሶ መንግሥት ውስጥ የምግብ አቅርቦትን ጉዳይ በኃላፊነት ይመራ ነበር። ነጋዴውና ሹሙ አንድ ሰው ሲሆኑ ምን ዓይነት ሐሜት እንደሚከተል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የሚገርመው የአርክቴክቱ ምርጫ ነው። ጆርጅ ዊቦ በባሕር ዳርቻዪቱ በዶቪል ከተማ የታወቀውን ካዚኖ የሠራ፣ ኋላም «ፕረንታን» የተባለውን ትልቅ መደብር መልሶ የገነባ፣ የባለጸጎችን መዝናኛና መገበያያ ማስጌጥ ሙያው የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ለስንዴ የሠራው ቤት እንኳ ከሩቅ ለሚያየው ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ተዳፋት ጣሪያው፣ በሥርዓት የተደረደሩት መስኮቶቹ ወፍጮ ነኝ አይሉም። ይህ ነገር ከሰባ ዓመት በኋላ ሕንፃውን ከመፍረስ ካዳኑት ምክንያቶች አንዱ ይመስለኛል። መልከ መልካም ፋብሪካ ጠበቃ አያጣም። መልከ ጥፉው ነው ማንም ሳያዝንለት የሚፈርሰው።

እኛ ወፍጮ ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ወይ የእናቶቻችን ወፍጮና መጅ ነው፣ ወይም በየሰፈሩ የሚያጓራው፣ ባለቤቱም ደንበኛውም ዱቄት ለብሰው የሚወጡበት ወፍጮ ቤት። የፓሪሱ ከሁለቱም ይለያል፤ ልዩነቱን በጥቂቱ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ቤተ መጻሕፍቱን የወለደው ይህ አሠራር ነው።

በጀልባና በባቡር የመጣው ስንዴ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። የሚያወጡት በቺንጋ ላይ የተሰኩ ባልዲዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው በአመዛኙ የመሬት ስበት ነው። ስንዴው ከፎቅ ፎቅ በአሸንዳ እየወረደ በመንገዱ ላይ ይበጠራል፣ ድንጋዩና እንክርዳዱ ይለያል፣ ውኃ ይነካና ለሰዓታት ያርፋል። ውኃው የሚያስፈልገው ልጣጩ ጠንክሮ ሳይደቅ ተልጦ እንዲወጣ፣ ፉርሽካውም ከዱቄቱ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ቀጥሎ በሁለት የብረት ሮለሮች መካከል ያልፋል፤ አንደኛው ፈጠን፣ ሌላው ዘግየት ብለው ስለሚዞሩ ፍሬው ይሰነጠቃል እንጂ አይጨፈለቅም። ከጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉ፣ የቁም ሣጥን የሚያህሉ ወንፊቶች ቀንና ሌሊት ይወዛወዛሉ። ያልደቀቀው እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። አንዲት የስንዴ ፍሬ ዱቄት እስክትሆን ድረስ ያንን ሕንፃ ብዙ ጊዜ ወጥታ ትወርዳለች።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። ሕንፃው ረጅም መሆን አለበት፤ ስበት ያለ ከፍታ አይሠራምና። ሶሌታው የማሽን ክብደት ብቻ ሳይሆን የማያቋርጥ ንቅናቄ የሚሸከም፣ ወፍራም አርማታ መሆን አለበት። እንዲሁም ይኸው ጠንካራ ሶሌታ በየቦታው በአሸንዳና በቺንጋ የተበሳሳ ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንምጣ። መጽሐፍ ከባድ ነገር ነው። ቤት ሲቀይር ካርቶን የተሸከመ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የግንባታ መሐንዲሶች ለተራ ቢሮ ወለል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ጭነት ሲያስቡ፣ መደርደሪያ ለሚቆምበት የመጻሕፍት ማከማቻ ግን 750 ኪሎ ግራም ገደማ ያስባሉ። በሐዲድ ላይ እየተንሸራተቱ ለሚገጣጠሙት መደርደሪያዎች ከዚያም በላይ። ብዙ የተዋቡ አሮጌ ሕንፃዎች፣ ቤተ መንግሥት ይሁኑ ሆቴል፣ ቤተ መጻሕፍት እንሁን ሲሉ የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው፤ የእንጨት ወለላቸው አይችለውም። የፋብሪካ ሶሌታ ግን ከዚህ የባሰ ለምዷል። ስለዚህ ወፍጮና ቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ ሲሰሙት የማይገናኙ ቢመስሉም፣ በመሐንዲሱ ስሌት ዘመዳሞች ናቸው።

ዝምድናቸው በዚህ አያበቃም። ሁለቱም እርጥበት ይጠላሉ፤ ስንዴ እርጥበቱ ከ14 በመቶ ካለፈ ይሻግታል፣ መጽሐፍም እርጥብ አየር ውስጥ ሲቀመጥ ያው ነው። ሁለቱም እሳት ይፈራሉ። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የዱቄት ብናኝ በአንዲት ብልጭታ እንደ ባሩድ ይፈነዳል፤ በአውሮፓም በአሜሪካም በዚህ ምክንያት የወደሙ ወፍጮዎች ብዙ ናቸው። የሚለያዩት በድምፅ ነው። ያ ሁሉ ሮለር ሲዞርበት ሁለት ሰዎች ሳይጮኹ የማይደማመጡበት አዳራሽ፣ ዛሬ ወንበር ሲጎተት ዓይን የሚያፈጥጡበት ሆኗል።

መስኮትም ሌላ ጉዳይ ነው። የማሽኖቹ ክፍል ለሠራተኛው ብርሃን ስለሚያስፈልገው ባለ መስኮት ነበር፤ አንባቢም ይህን ይወዳል። ስንዴ የሚከማችበት ጎተራ ግን መስኮት የለው፣ ፎቅ የለው፤ ከላይ እስከ ታች የቆመ ባዶ ቧንቧ ነው። ፋብሪካ ወደ ቤተ መጻሕፍት በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ አርክቴክቱ የሚቸገረው፣ ብዙውን ጊዜም የሚያፈርሰው፣ ይህንኑ ክፍል ነው።

ወፍጮው በ1996 ሥራ አቆመ። ለምን ለሚለው መልሱ አጭር ነው። መሬቱ ከዱቄቱ በላይ ዋጋ አወጣ። ከኦስተርሊትስ ጣቢያ የሚነሣው ሐዲድ፣ መጋዘኖቹ፣ ወፍጮው ያሉበት ሰፊ ቦታ ከ1991 ጀምሮ «ፓሪስ ሪቭ ጎሽ» በተባለ የከተማ ልማት ክልል ውስጥ ገብቶ ነበር። ፋብሪካው በተዘጋበት በዚያው ዓመት፣ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አራት ግንቦች ያሉት አዲሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ ተከፈተ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ፤ የሰፈሩ ትርጉም በአንድ ዓመት ውስጥ ከእህል ወደ መጽሐፍ ተሻገረ ማለት ይቻላል።

ወፍጮውን ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ግን የቅርስ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ምክንያቱ አዝቤስቶስ ነው። ፓሪስ 7 ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ (በኋላ በዴኒ ዲደሮ ስም የተጠራው) ይኖር የነበረው በዡስዩ ግቢ ነበር። ያ ግቢ በ1960ዎቹ በዘመኑ ምርጥ ናቸው በተባሉ ቁሳቁሶች የተገነባ ሲሆን፣ ብረቱ ከእሳት እንዲጠበቅ በአዝቤስቶስ ተሸፍኖ ነበር። ብናኙ ሳንባ እንደሚጎዳ ሲታወቅ በግቢው የሚሠሩ መምህራንና ሠራተኞች ለዓመታት ታገሉ፤ ፈረንሳይም አዝቤስቶስን ከ1997 መጀመሪያ አንሥታ አገደች። ግቢው ሲጸዳ ዩኒቨርሲቲው መጠጊያ ያስፈልገው ነበር። ለዕውቀት ተብሎ የተሠራው ዘመናዊ ሕንፃ በሽተኛ ሆኖ፣ ለዱቄት የተሠራው አሮጌ ፋብሪካ ጤናማ ሆኖ ተገኘ። ዘመናዊ የሚለውን ቃል እንደ ምስጋና ብቻ ለምንጠቀምበት ሁሉ ይህ ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ነው።

የለውጡን ሥራ የመራው አርክቴክት ሩዲ ሪቾቲ ነው፤ በማርሴይ ወደብ ያለውን የሜዲትራንያን ሥልጣኔዎች ሙዚየም የሠራው እርሱ ነው። ሥራው በ2006 አካባቢ ተጠናቀቀ፤ ቤተ መጻሕፍቱም በ2007 ለተማሪዎች ተከፈተ። ከፊት ለፊቱ ያለው፣ በ1950 ገደማ ለዱቄት ማከማቻ የተሠራው ረጅም መጋዘንም በኒኮላ ሚሼላን ንድፍ የመማሪያ አዳራሾች ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው አደባባይ የታሪክ ጸሐፊውን የፒየር ቪዳል ናኬን ስም ይዟል፤ በአልጄሪያ ጦርነት ጊዜ የአገሩ ጦር ስለፈጸመው ሰቆቃ ማስረጃ ሰብስቦ የጻፈው ሰው ነው። ትንሽ ራቅ ብሎም በ1891 የተሠራው የታመቀ አየር ፋብሪካ አለ፤ በቧንቧ በሚልከው አየር የከተማውን ሰዓቶችና አሳንሰሮች ያንቀሳቅስ የነበረ፣ ዛሬ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት አካል የሆነ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የሚያስደስት ታሪክ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሆኖም በንባብ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዙሪያዬን በተመለከትሁ ጊዜ ያላየሁትን መናገር ይገባኛል። ሮለሮቹን አላየሁም። ወንፊቶቹ የተንጠለጠሉበትን፣ ባልዲዎቹ የወጡበትን መንገድ አላየሁም። ዓምዶቹ አሉ፣ ከፍታው አለ፣ መስኮቱ አለ። ለምን እንዲህ ወፍራም ሆነ፣ ለምን እንዲህ ረዘመ የሚለውን የሚመልሰው ነገር ግን በቦታው የለም። ግንቡ መልሱን ይዞ ቆሟል፤ ጥያቄው ግን ተረስቷል።

ይህ የአርክቴክቱ ጥፋት አይደለም። ሥራ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልቆ ይጠብቀዋል። ፋብሪካ ሲዘጋ የሚሆነውን በቅደም ተከተል አስቡት። መጀመሪያ የሚወጣው ማሽኑ ነው፤ ዋጋ ስላለው ይሸጣል፣ ወይም ወደ ሌላ ፋብሪካ ይሄዳል። ቀጥሎ መዳቡና ብረቱ በኪሎ ይሸጣል። ከዚያ ሠራተኛው ይበተናል፤ ከእርሱም ጋር ማሽኑ ሲታመም በድምፁ የሚለይ ጆሮ ይሄዳል። በመጨረሻ ወረቀቱ፦ የሰዓት መቆጣጠሪያው፣ የደመወዝ መዝገቡ፣ የአደጋ ሪፖርቱ፣ የማሽኑ ንድፍ። ወረቀት ዋጋ ስለሌለው ማንም አይሸጠውም፤ ዋጋ ስለሌለውም ማንም አይጠብቀውም። የንድፍ ውድድር ወጥቶ አርክቴክቱ ሲመረጥ የሚረከበው ባዶ ቅርፊት ነው። በፓሪስ ከመዘጋቱ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ መከፈት ድረስ አሥር ዓመት ገደማ አለፈ። በሌላ ቦታ ሃያም ሠላሳም ሊሆን ይችላል።

በመካከል ያሉት ዓመታት በሌላ መንገድ እንደሚያልፉም የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በሉክሰምበርግ፣ በቤልቫል፣ ከአንደኛው ጦርነት በፊት የተመሠረተ ትልቅ የብረት ማቅለጫ ነበር። የመጨረሻው ምድጃ የጠፋው በ1997 ነው። ከሦስቱ ምድጃዎች አንዱ ተፈታትቶ ለቻይና ተሸጠ፤ ይህ የተለመደው መንገድ ነው። ሁለቱ ግን እንዲቆዩ ተወሰነ፤ በ2000 በቅርስነት ተጠበቁ። በ2003 የተቋቋመው የሉክሰምበርግ ዩኒቨርሲቲ ወደዚያ ግቢ ተዛወረ፤ ቤተ መጻሕፍቱም በ2018 የተከፈተው «ሞለራይ» በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሞለራይ የብረት ድንጋዩና ኮኩ ተመጥኖ ለምድጃው የሚዘጋጅበት ቦታ ነው። በቤልቫል ተማሪው ቀና ሲል ምድጃውን ያያል፤ የሚያነብበት ቤት ለምን እዚያ እንደ ተሠራ ለማወቅ መስኮቱ ይበቃዋል።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ለጌጥ የቆመ ብረት ነው ብለው ይነቅፉታል፤ ዝገቱ ተቀብቶ፣ ሙቀቱና ላቡ ጠፍቶ ሐውልት ሆነ ይላሉ። ነቀፋው እውነት አለው። በግሌ ግን የተቀባ ምድጃ ከሌለ ምድጃ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም የቆመ ነገር ጥያቄ ያስነሣል፣ ጥያቄም ሰነድ ፍለጋ ያስኬዳል።

ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ስም ነው። በፓሪስ «የታላላቅ ወፍጮዎች ጎዳና» አለ። በዚያ ጎዳና ቁጥር 65 ላይ የምሥራቃዊ ቋንቋዎች ተቋምና የቋንቋዎችና የሥልጣኔዎች ቤተ መጻሕፍት በ2011 በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ሥራ ጀምረዋል። ይህ ተቋም አማርኛ ከመቶ ዓመት በላይ የተማሩበት ነው፤ የአማርኛን ሰዋስው በ1936 በሰፊ መጽሐፍ ያወጣው ማርሴል ኮኸን ለብዙ ዘመን ያስተማረው በዚሁ ተቋም ነበር። እንግዲህ ዛሬ በፈረንሳይ አማርኛ የሚማር ተማሪ ሁሉ አድራሻው ላይ ወፍጮ ይጽፋል።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው። ለገሃርም የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት፣ በእኛ አፍ ተገርቶ ነው። ታክሲ ላይ ለገሃር ብሎ የሚጣራ ረዳት ሳያውቀው የምድር ባቡሩን ማኅደር ይገልጣል።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ልብ በሉ፣ የፓሪሱ ወፍጮ መሠረት በተጣለበት ዓመት መሆኑ ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። የዱሮው ጠባብ ሐዲድ አገልግሎቱን አቁሞ አዲሱ መሥመር ከ2016 ጀምሮ ተተክቷል። በ2018 በለገሃር አካባቢ ሰፊ የልማት ፕሮጀክት ይፋ ሆኗል። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ ጎብኚዎች ዛሬም የሚያዩዋቸው የዱሮ ማሽኖች ከነቦታቸው አሉ። ነገሩን በዛሬው ንግግሬ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ እነዚህ ቦታዎች ያሉት በመካከሉ ዘመን ውስጥ ነው። አሮጌው ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ አዲሱ ገና አልተነሣም።

ከነዚህ ቤቶች አንዱ ወደፊት ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ ሙዚየም ይሁን፣ ወይም ሌላ ነገር የሚወስነው ሌላ አካል ነው። ሶሌታው ስንት ኪሎ ይችላል የሚለውን መሐንዲሱ ይለካዋል። የታሪክ ክፍል ሊሠራው የሚችለው ሥራ ግን ማንንም ፈቃጅ አይጠብቅም፣ ገንዘቡም ብዙ አይደለም። ማሽን ከተነሣ በኋላ እንኳ ወለሉ ላይ የብሎኑ ቀዳዳ ይቀራል፤ የቀዳዳዎቹን አቀማመጥ በሜትር ለክቶ በወረቀት ማስቀመጥ ለሁለት ተማሪዎች የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ በፈረንሳይኛም በአማርኛም የተጻፈው፣ ከመቀባቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር ሠራተኛው ለየመሣሪያው የሰጠው ስም ግማሽ ፈረንሳይኛ፣ ግማሽ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የገባበት ነው፤ ያንን ቃል የሚያውቁት ጡረተኞች በየዓመቱ እየተቀነሱ ነው። ቃሉን ከነ ማሽኑ፣ ማሽኑን ከነ ቦታው የሚያገናኝ ሰው ካልጻፈው የቋንቋ ሊቅም የታሪክ ሊቅም በኋላ አያገኘውም።

በተለይ የሁለተኛ ዲግሪ ርእስ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ቤተ መዛግብት ውስጥ ያለ ሰነድ ይቆያችኋል፤ ተጠርዟል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። በመጪው የዕረፍት ወር ሜትር፣ የድምፅ መቅጃና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ወደ ድሬዳዋ መሄድ የሚፈልግ ካለ ከዚህ ጉባኤ በኋላ ቢሮዬ ይምጣ፤ መጠይቁን አብረን እናዘጋጃለን። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።